ተጠርቶ ያልመጣ

ሎሬታ ስታምፐር ሕግ ስትወድ ለጉድ ነው። በበረዶው ወራት በተደረገው የመኪና ውድድር ነጂዎች ስብሰባ ላይ "ተጠርቶ ያልመጣ ይቅር! ተፎካካሪው ብቻውን ነድቶ ያሸንፍ" ብላ ያስጸደቀችው እሷው ናት። ኦርቫል ቲግ የሚባለው ገበሬ ብቻ ተከራከረ።

"ሰው ቤት አለው፣ የሚታለብ ላም አለው። ምን ነካሽ?"

"እሷንም ይዘሃት ና" አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን መስከረም ነው፤ በረዶው ሳይመጣ የሚደረገው የመጨረሻ ውድድር። ለፍጻሜ የቀሩት ሎሬታና ኦርቫል ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትነዳ ዋንጫው አንዴም እጇ አልገባም፤ ደጋግሞ የነጠቃትም ይኸው ሰውዬ ነው። ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለና ሁሉም ነገር ቆመ። የሜዳው ኃላፊ መርል በድምፅ ማጉያ "ፍጻሜው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት አይሆንም" ሲል ኦርቫል ላሞቹን ሊያልብ ወደ ቤቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከመንደሩ ምክር ቤት ተደወለ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ የሞተር ጩኸት አይፈቀድም። መርል ፍጻሜውን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አመጣው።

"ኦርቫል ቲግ፣ የመጨረሻ ጥሪ!"

ኦርቫል የለም። መርል መነሻው ላይ ወደ ተሰለፈችው ሎሬታ የመኪና መስኮት ጎንበስ አለ።

"በይ እንግዲህ፣ ብቻሽን ንጂ። ዋንጫው ያንቺ፣ ሕጉም ያንቺ።"

ልቧ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ደስታው ጎመዘዛት። ሰውን አንድ ሰዓት ብሎ ሸኝቶ በአሥራ ሁለት መጥራት ምን የሚሉት ነገር ነው? ይሁን እንጂ በሰው ፊት "ሕጌ ልክ አይደለም" ከምትል ሞቷን ትመርጣለች። ሞተሩን አጠፋች።

"አልነሳ አለኝ።"

"አሁን እኮ ሲጮህ ነበር!"

"አሁን ጠፋ። ሰልፍ ላይ መኪናው ለተበላሸበት አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። ደንቡን አንብበው።"

"ወይ አንቺ ሴትዮ!" አለ መርል። ከኋላ የቆሙት ሳቃቸውን አፈኑ።

ኮፈኑን ከፍታ ደህናውን ሞተር ትጎረጉር ጀመር። መዘግየቱ ምን እንደሚያስከፍላት ታውቃለች። እዚያ ሜዳ እያንዳንዱ ነጂ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ገምቶ መስኮቱ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፋል፤ ቀርፋፋው ቀድሞ ይለቀቃል፤ ከጻፈው ፈጥኖ የገባ ግን ተሸነፈ። ሰልፍ ከገቡ በኋላ ቁጥሩን መቀየር ክልክል ነው። አየሩ ደግሞ እየበረደ ነበር፤ ሞተር ብርድ ሲያገኝ ጉልበት ይጨምራል፣ ከተጻፈው ቁጥርም ያስፈጥናል።

አሥሩ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ኦርቫል እበት የነካው ቦቲ እንደተጫማ ደረሰ።

"ምን ሆነሽ?"

"አልነሳ ብሎኝ።"

ሞተሩን አየ፤ እሷን አየ።

"ላሞቹ ሰላም ብለውሻል" አለና ወደ መኪናው ገባ።

የኦርቫል መኪና ቀርፋፋ ስለሆነች ቀድማ ተለቀቀች። ሎሬታ ተከተለችና መጨረሻው አጠገብ ደረሰችበት። ከጻፈችው እንዳትፈጥን ፍሬኑን ነካ ብታደርገው ይበቃ ነበር። ግን ኦርቫል ከጎኗ ወደ ኋላ ሲቀር ስታይ እግሯ እምቢ አላት። ቀድማ ገባች። የአሸናፊው መብራት የበራው ግን በኦርቫል በኩል ነው፤ መስኮቷ ላይ ከጻፈችው በጥቂቱ ፈጥናለች። መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች አለቀሰች፤ ኦርቫልንም፣ ላሞቹንም፣ እግሯንም ረገመች።

በረዶው ሲመለስ ስብሰባው ተጠራ። መርል "ያንን የጥሪ ሕግ እንሰርዘው?" ብሎ ጠየቀ።

"ለምን ተብሎ!" አለች ሎሬታ። ብድግ ብላም አዲስ ሐሳብ አቀረበች፤ ሰልፍ ላይ ሳይበላሽበት ተበላሸብኝ ብሎ የዋሸ ከውድድሩ ይባረር።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ እጆች ወጡ፤ የመጀመሪያው የራሷ ነው።

"የሚቃወም?" አለ መርል።

ከአዳራሹ ጥግ አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ የኦርቫል። መርል እስኪቆጥርለት ድረስም አላወረደውም።