የወልደ ሐዋርያት ክንድና የእኔ ክንድ

በጣልያን ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የካሚዮን ጎማ ፈቺና ገጣሚ ነበርሁ። ይህን ስናገር ዛሬ ፊቱን የሚያዞርብኝ አለ። ያዙር። ያኔ ልጆቼ ሲራቡም ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም።

የጋራዡ ካቦ ወልደ ሐዋርያት ይባላል። እሱና እኔ አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረናል። እኔ ዳዊት ሳልጨርስ አባቴ ሞተና እርሻ ገባሁ፤ እሱ ቅኔ ቤት ደረሰ፤ ጣልያን ሲመጣም ቋንቋውን በስድስት ወር ለቀመው። ካቦ ሆኖ የተሾመ ዕለት ለሠራተኛው ሁሉ፣ «ይኸን ሰውዬ ታውቁታላችሁ? ግማሽ ዳዊት ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ከዚያ ወዲያ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ስም እንዳለኝ የሚያስታውስ አንድ ሰው ቀረ፤ ሹፌሩ ኢድሪስ። የሐይቁ ዳር ሰው ነው፤ አባቱ ጀልባ ሠሪ። «ጋሼ ተክሌ» ይለኛል። ከሪማ የምትባል ሚስቱ ደረቅ ዓሣ ስትልክለት ለእኔም ድርሻ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል ሁለት ዓይነት ጎማ መጣ። አንደኛው ጥርሱ ጣት ያስገባል፤ ሁለተኛው ቀጫጭን መስመር ብቻ ነው ያለው። የአባይ መሻገሪያ መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ካሚዮኑ ወርዶ ዳርቻው ላይ ይቆምና ጣውላ በተነጠፈበት ሰፊ ጀልባ ይሻገራል። ካልቆመ ውሃ ይገባል፤ ሌላ የለም። ጣልያኑ አለቃ፣ «ዝናብ ሳይገባ የትኛው ጎማ ቶሎ እንደሚይዝ በደረቅም በእርጥብም ፈትናችሁ ንገሩኝ» አለና ወባው ተነሥቶበት ተኛ። የብረት ሜትሩም በእሱ ሣጥን ውስጥ እንደ ተቆለፈ ቀረ።

«በክንድ እንለካለን» አለ ወልደ ሐዋርያት። «አባቶቻችን በምን ለኩ?»

በደልዳላው መንገድ ላይ ዕንጨት ተከልን። ኢድሪስ ከሩቅ አስነሥቶ ይመጣል፤ ዕንጨቱ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይረግጣል። ከዕንጨቱ እስከ ፊት ጎማው ያለውን ወልደ ሐዋርያት ተንበርክኮ በክንዱ ይለካል። በደረቅ ባለ ጥርሱ ሃያ አምስት ክንድ ሄዶ ቆመ፤ ባለ መስመሩ ሃያ ሁለት። ከዚያ የቀን ሠራተኛ ሴቶች ከሐይቁ በእንስራ ውሃ እየቀዱ መንገዱን አጨቀዩት። ባለ መስመሩ በእርጥብ ሠላሳ ስምንት ክንድ ተንሸራተተ። እኔ ጎማውን ፈትቼ ባለ ጥርሱን ስገጥም ጣልያኑ ወልደ ሐዋርያትን አስጠራው።

«አንተ ለካና ቁጥሩን ትነግረኛለህ» አለኝ እየሄደ። «እስከ መዝሙር ሰባ አምስት ደርሰህ የለ? መቁጠር አያቅትህም።»

ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ኢድሪስ መጣ፣ ረገጠ፣ ቆመ። ተንበርክኬ ለካሁ። አርባ ክንድ። ጉልበቴን አራግፌ ስነሣ ነገሩ ገባኝ። ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ መራዊ ላይ ሸማ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመድ ፈልጎ ይዞ የሚሄደው ለምን ሆነና? ወልደ ሐዋርያት መለሎ ነው፤ እኔ ድንክ ቢጤ ነኝ። የሱ አራት ክንድ የእኔ አምስት ነው። የእኔ አርባ በሱ ክንድ ሠላሳ ሁለት ይሆናል። በእርጥብ ባለ ጥርሱ በስድስት ክንድ ቀድሞ ቆሟል ማለት ነው።

«ስንት?» አለኝ ተመልሶ።

«አርባ።»

«እንግዲያው ባለ መስመሩ በሁለቱም በለጠ» ብሎ ጻፈ።

ዝም አልሁ። አልዋሸሁም፤ የጠየቀኝን መለስሁ። ጣልያኑ ሲሻለው በብረት ሜትር ይለካዋል፣ ያን ጊዜ ባለ ቅኔው ይዋረዳል ብዬ ነው። የዚያን ቀን ምሳ ከኢድሪስ ጋር አንድ መሶብ ቀርበን ስንበላ ደስ ብሎኝ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ ወጣ፤ ባለ መስመሩ የኢድሪስ ካሚዮን ላይ ይገጠም፣ ነገ ጧት ዱቄትና ሃያ የመንገድ ሠራተኛ ጭኖ አባይን ይሻገር። ስድስቱንም ጎማ በእጄ ገጠምሁ። አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ አጠበቅሁት፤ ብሎን ማጥበቅ የሚያድን ይመስል።

ጧት የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። ወደ ወልደ ሐዋርያት ሮጥሁ።

«የትናንቱ ልክ ስሕተት ነው። የመጨረሻውን የለካሁት በእኔ ክንድ ነው።»

እጄን አየ፤ የራሱን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ገብቶታል።

«ወረቀቱ ጣልያኑ ዘንድ ገብቷል» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን ተሳሳትሁ ብል የሚገረፈው ማን ነው? ትናንት አፍህን ማን ያዘህ?»

«ካሚዮኑን አስቁመው!»

«ኢድሪስ ጥሩ ሹፌር ነው። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ካሚዮኑ ግን ወጥቷል። ጭቃው ለጎማ አይመችም፣ ለእግርም አይመችም፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ደረስሁበት። መስተዋቱን ሊጠርግ ቆሞ ነበር። ሠራተኞቹ ከዱቄቱ ላይ ተኮልኩለው ጆንያ ተከናንበዋል።

«ጋሼ ተክሌ! ምን ሆነሃል?»

ነገርሁት። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ክንዱን፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም ነገርሁት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ትናንት።»

«ከምሳ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት» አልሁት።

አልተሳደበም። ቢሳደብ በወደድሁ። ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ «ውረዱ! በእግራችሁ ውረዱ!» አለ። ከፊት አጠገቡ የተቀመጠው አስካሪ፣ የጣልያን ወታደር፣ «ሰዓት አለፈ፣ ንዳ!» ብሎ ጮኸበት። ኢድሪስ፣ «አንተ መዋኘት ከቻልህ ተቀመጥ» አለው። አስካሪውም ወረደ። እኔን ደግሞ፣ «ድንጋይ ያዝ፤ ከፊት ጎማው ጎን ሩጥ። ስልህ ጣለው» አለኝ።

ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ ተሸክሜ ከካሚዮኑ ጎን መውረድ ጀመርሁ። በቀስታ ነው የሚነዳው፤ ሞተሩ ያቃስታል። መንገዱ አጋማሽ ላይ ፍሬን ሲይዝ ሰማሁ። ጎማው መዞር አቆመ፤ ካሚዮኑ ግን አልቆመም። ድምፅ አለመኖሩ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ያ ሁሉ ብረት እንደ ታንኳ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ከታች የአባይ ውሃ ቡናማ ሆኖ ይታየኛል፤ ጀልባው ገና ወዲያ ማዶ ነው።

«ጣል!»

ጣልሁ። ጎማው ድንጋዩን ጭቃ ውስጥ አስገብቶ አለፈው። ሌላ አነሣሁ። እጄ ደም ሆኗል። «ጣል!» ጣልሁ፤ ሠራተኞቹም ከኋላ እየሮጡ ያገኙትን ሁሉ፣ ድንጋይ፣ ግንድ፣ አካፋ ሳይቀር ከጎማው ሥር ወረወሩ። ካሚዮኑ ወደ ጎን ዞረ፣ ተናጠ፣ ቆመ። የፊት ቀኝ ጎማው ውሃ ውስጥ ነበር።

ኢድሪስ በግራ በኩል ወረደ። ውሃ የገባውን ጎማ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ፣ «እኔ እሻገራለሁ፤ ነገ በዚሁ ጎማ ነው የምመለሰው» አለኝ። «ጣልያኑ ዘንድ ገብተህ ትነግራለህ። አንተ ራስህ።»

ገባሁ። ወልደ ሐዋርያት አስተረጎመልኝ፤ እንዴት አድርጎ እንዳስተረጎመው አላውቅም፤ አሥራ አምስት ጅራፍ የተገረፍሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሆኖም ሜትሩ ከሣጥኑ ወጣ፤ ባለ ጥርሱ ጎማም በማግሥቱ ማዶ ድረስ ተልኮ ተገጠመ።

ኢድሪስ ተመልሶ ጋራዡ ሲገባ፣ ጀርባዬ ቆስሎ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ሰላም አለኝ፤ ሰላምታውን አልነፈገኝም። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ለወልደ ሐዋርያት፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ጎማ ሌላ ሰው ይግጠምልኝ» አለው።

ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ያን ካሚዮን አልነካሁትም። ማን ሮጦ እንደ ደረሰለት፣ በማን ደም እንደ ቆመ ኢድሪስ ያውቃል። አልወቅሰውም ብል ግን ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬ እወቅሰዋለሁ። እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነበር።