ባዶ የመሰላት መንገድ

የከተማ አውቶቡስ ነው የምትነዳው። ያን ዕለት ጠዋት ከፌርማታ ስትነሳ አንድ ብስክሌተኛ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ደብድቦ «አታይም እንዴ ይቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ። ክው አለች። ከመነሳቷ በፊት ገልመጥ ብላ ነበር፤ መንገዱ ባዶ ነበር። ሰውየው ግን እዚያው ጎማው አጠገብ ቆሞ ይሳደባል።

አውቶቡሱን ለተቀያሪ ሾፌር አስረክባ ቀጥታ ዓይን ክሊኒክ ሄደች።

ነርሷ አንድ ዓይኗን ሸፍና አገጯን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ ማሽን ላይ አስደገፈቻት። መሃሉን ብቻ እያየች፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን እንድትጫን ነገረቻት። ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች። ከዚያ ብልጭታው ጠፋ። ጠበቀች።

«ማሽኑ ቆመ መሰለኝ።»

«አልቆመም፣» አለች ነርሷ ቀስ ብላ፣ «እየበራ ነው።»

ሌላኛውም ዓይን ያው ነበር።

ሐኪሙ የዓይኗን ምስል እያሳየ አስረዳት። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ ሲያጥረው ግፊቱ ይጨምራል። በዓይን የኋላ ግድግዳ፣ ሬቲና በሚባለው ላይ ያሉ የነርቭ ሴሎች ያዩትን ወደ አንጎል የሚልኩት በቀጫጭን ክሮች ነው፤ ክሮቹ ተሰብስበው ከዓይን በሚወጡበት ቦታ ይጨመቃሉ። በእነሱ በኩል የሚመላለሰው ንጥረ ነገር ሲታገድ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ።

«ሳይታወቀኝ?»

«አያምም። የጎደለውንም አንጎል በግምት ይሞላዋል። መንገዱ ባዶ የመሰለዎት ለዚህ ነው።»

«የሞቱት አይመለሱም?»

«አይመለሱም። የቀሩትን ግን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። ወንድም ወይም እህት አለዎት? በዘር ይሄዳል።»

ታናሽ ወንድሟ የሕንጻ ቀለም ቀቢ ነው። ሥራ ቦታው ስትደርስ ረጅም መሰላል ላይ ወጥቶ ያፏጫል።

«ውረድ! ዓይንህን ትመረመራለህ።»

«እትዬ ደግሞ! ዓይኔ እኮ ከዚህ ሆኖ ጉንዳን ይለያል።»

«ውረድ አልኩህ! ዛሬ ሰው ልገድል ነበር!»

ብሩሹን እንደያዘ ወረደ።

እሱ ሲመረመር የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ የበሩን እጀታ አፍጥጣ ታያለች። መሰላሉ ዓይኗ ላይ ይመጣባታል። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ብድግ አለች።

«ግፊቱ ከፍ ብሏል፣» አለ ሐኪሙ፣ «ነርቩ ግን ገና አልተነካም። በጊዜ አመጡት።»

እሷ መሪውን ማንም ሳይነጥቃት በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች። አሁን ስምሪት ክፍል ተቀምጣ አውቶቡሶቹ ሲወጡ በመስኮት ታያለች፤ አንዳንዴ ታለቅሳለች። የቀረው ብርሃን እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚነግራት የለም። ማታ ማታ ግን ወንድሟ ጋ መደወል አትረሳም።

«ጠብታህን አደረግህ?»

«ዓይኔን ያቃጥለኛል እኮ፣ እትዬ!»

«ያቃጥልህ፣» ትላለች፣ «አድርግና ንገረኝ፤ ስልኩን አልዘጋም።»