ኖራው ያልደረቀ ግንብ

ጂግጂጋ ውስጥ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ መጀመሪያ ፍዳውን የሚያየው ድንጋይ ነው። የመንገዱ ጠርዝ ኖራ ይቀባል፣ የዛፉ ግንድ ኖራ ይቀባል፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰውም አይተርፍም። ግን ሰባት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ ይቀባሉ ብዬ፣ እመብርሃንን፣ በሕልሜም አላሰብኩም!

የሺጥላ እባላለሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የቅርስ ባለሙያ ነኝ። ከኮምቦልቻ ተመድቤ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ። ባለቤቴ ቤዛ እዚያው ናት፤ ልጃችን አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። የዝውውር ማመልከቻዬ ደግሞ የኃላፊያችን የአቶ ሳማታር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። “የቱሊ ጉሌዱ ግንብ በቅርስነት ይመዝገብልኝና በማግስቱ እፈርምልሃለሁ” ብለውኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ይህ ግንብ ድሮ ከዘይላ ወደብ የሚመጡ ነጋዴዎች ያድሩበት የነበረ፣ ስንት ጦር አልፎበት ያልፈረሰ ነው። የሚመረምረው ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ ሲባል፣ እኔ በልቤ ሻንጣዬን አስሬ ጨርሻለሁ።

ጠዋት ከአቶ ሳማታርና ከባለሙያው ጋር ስንደርስ ግንቡ ዓይን ያጠፋል። ነጭ በነጭ! ስንጥቁ ሁሉ በሲሚንቶ ተደፍኗል።

“አቶ ሳማታር፣ ምን ጉድ ነው ይሄ? ጥንታዊ እኮ ነው!”

“ለዚያ አይደል ያሳደስነው?” አሉ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ። “ለእንግዳ አሮጌ ነገር ይቀርባል እንዴ?”

መርማሪው ዶክተር ወልደአማኑኤል ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት። “መቼ ነው የተሠራው?”

“በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን!” አሉ አቶ ሳማታር፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ዶክተሩ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ጣታቸው ነጭ ሆነ። “ገና አልደረቀም” አሉና ደብተራቸውን ዘጉ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር በአንድ ባልዲ ኖራ ገደል ሲገባ ቆሜ አየሁ። ያኔ ከአፌ አመለጠኝ። ‘አመለጠኝ’ እንኳ ውሸት ነው፤ አውቄ ነው የተናገርኩት። “ዶክተር፣ ያልተነካ ክፍል አለ። በስተጀርባ፣ የኤዶ ዐናብ የፍየል በረት።”

ኤዶ ዐናብ ባልቴት ናቸው፤ ኤዶ ማለት አክስቴ እንደ ማለት ነው። ከግንቡ አንዱን ክፍል በረት አድርገው ኖረዋል፤ በዚያው ጠዋት ከቀቢዎቹ አንዱ እንዳጫወተኝ፣ ባልዲያቸውን ይዘው ሲመጡ በበትር አባረዋቸዋል። ያን ዕለት ገበያ ሄደው ነበር።

ዶክተሩ በረቱን ሲያዩ በፍየሎቹ በጠጥ ላይ ተንበረከኩ። ቅስቱ እንዳለ፣ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንዳለ! “ይሄን ማን ነው የጠበቀው?”

“መሥሪያ ቤታችን ነዋ!” አሉ አቶ ሳማታር፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው።

እኔም አላረምኳቸውም።

ግንቡ ተመዘገበ። ሰውም ከብትም እንዳይገባበት በረቱ ሳይቀር በሽቦ ታጠረ። ዝውውሬን ልቀበል ስገባ አቶ ሳማታር አቅፈው ሳሙኝ። “አንተን የመሰለ ሰው እንዴት እለቃለሁ? ያንን በረት ያገኘህ አንተ! ከነገ ጀምሮ የግንቡ ቋሚ አስጎብኚ ነህ።” ለቤዛ ደውዬ ስነግራት ልጄን እንኳ አላቀበለችኝም።

በማግስቱ ቁልፍ ይዤ የአጥሩ በር ላይ ከውስጥ ስቆም፣ ሰሞኑን ግጦሽ ፍለጋ ርቀው የነበሩት ኤዶ ዐናብ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ከተፍ አሉ።

“አቦ፣ ክፈት እንጂ! ፀሐዩ ፈጀን።”

“ኤዶ፣ ተከልክሏል። ቅርስ ሆኗል።”

ሽቦውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። “በረቴን ማን አሳያቸው?”

“እነዚያ ከአዲስ አበባ የመጡት... ራሳቸው ናቸው ያገኙት።”

“አላህ ይይላቸው!” አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ግንባሬን አዩት፤ ላብ አጥምቆኛል። “አንተንም እዚህ ሐሩር ላይ ገትረውህ ሄዱ? ውይ ልጄን!” አሉና አንድ ኮዳ የፍየል ወተት በሽቦው መሐል አሾልከው ሰጡኝ።

ተቀብዬ ጠጣሁት፤ እሳቸው ፍየሎቻቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመው እስክጨርስ ጠበቁኝ።