የድርቤ ልጅ ቀጠሮ

አዴ ድርቤ የልጇ የሞሲሳ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ ጨለለቂ ሰፈር ባለችው ሱቄ ደጅ ታልፍ ነበር።

«ምነው ሙሽራ መሰልሽ፤ ለዳኛው ልትታጪ ነው?» እላታለሁ።

«ዝም በል ወልደሩፋኤል! ይልቅ ስኳርህን ሳታጎድል መዝን» ትለኛለች።

ሞሲሳ ሹፌር ነው። ሲሬ ከተማ መግቢያ ላይ መኪናው አንድ እግረኛ ገጭቶ ሰውየው ሞተ። ሽማግሌዎች ከሟች ቤተሰብ ጋር አስታርቀውታል። ፍርድ ቤቱ ግን ጥፋተኛ ብሎት፣ ለቅጣት ውሳኔ ቀጠሮ ሰጥቶ ማረሚያ ቤት አስገባው። ጠበቃው በቅጣት ማቅለያነት ያቀረበው ዋናው ነገር «የታመመች እናቱን ብቻውን ይጦራል» የሚል ነበር። ዳኛው ይህን ከተቀበሉ ቅጣቱ ሊገደብለት፣ ማለትም ታስሮ ሳይቆይ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ምስክር የተቆጠርኩት እኔ ጎረቤቷ ነኝ።

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ድርቤ ሞተች። ልቧ ነው አሉ።

ቀበርናት። ለሞሲሳስ ማን ይንገረው? መርዶ በማለዳ ነው፤ ዘመድ ከቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ። እስር ቤት ውስጥ ማን ይይዘዋል? የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ባቻ «ቅጣቱ ከተገደበ ቤቱ ይገባ የለ? እዚያው እናረዳዋለን» አሉ። ተስማማን። የሞተችው ራሷ ማቅለያው መሆኗን ግን ማናችንም ልብ አላልንም፤ እኔ ምስክሩ ጭምር።

በቀጠሮው ቀን ሞሲሳ ገና ሲገባ ዓይኑ ወንበሮቹን ዞረ።

«ሀርሜስ?» አለኝ፤ እናቴስ ማለቱ ነው።

«ጉልበቷን አሟት ነው። ደግሞ ያ ጫማዋ ታጥቦ አልደረቀም።»

ሳቀልኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልኩ። ጠበቃው ሲጠይቀኝ እንዴት እንደሚጦራት ተናገርኩ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«እናቱ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?»

እንዳልዋሽ ምያለሁ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ሰው መሃል እንደቆመ፣ ፖሊስ ጎን፣ የእናቱን ሞት ላረዳው ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህችን ብቻ ጠጋ ብዬ ብመልስስ?»

«ምስክር ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው» አሉ ዳኛው። ፊቴን ሲያዩት ግን ከዐቃቤ ሕጉና ከጠበቃው ጋር አስጠጉኝ።

በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ዐቃቤ ሕጉ አቀረቀረ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማረሚያ ቤቱ እንዲያስገባችሁ አዛለሁ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የቅጣት ውሳኔው ለሰኞ ተቀጥሯል» አሉ።

ሞሲሳ ወደ ፊት ተራመደ፤ ፖሊሱ ያዘው።

«በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ ዛሬውኑ ወስኑብኝ! የፈለገውን ያህል ዓመት ይሁን! እናቴን ቀጠሮ ነው ያደከማት!»

ዳኛው ቀና ብለው አላዩትም።

ወደ ማረሚያ ቤቱ መኪና ሲወስዱት ተከተልኩት።

«ኦቦ ወልዴ፣ ሰኞ እንዳታመጣት። ይሄን የፍርድ ቤቱን ዳገት አትችለውም። ምን አሉ ብላ ስትጠይቅህ አንድ ቀልድ ፈልግላት፤ አንተ መቼም አታጣ።»

«እፈልግላታለሁ» አልኩት።

በሩ ተዘጋ። በተዘጋው የድርቤ ቤት በኩል ላለማለፍ ዞሬ፣ ኦቦ ባቻ ደጅ ደረስኩ።

«ተገደበለት?» አሉኝ ከተቀመጡበት እየተነሡ።

«ጋቢዎን ያዘጋጁ» አልኳቸው። «ነገ ማለዳ ነው።»