ጥቁር ገበር

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሦስት ወር አላባራም። ቀኝ ጉልበቴ አብጦ መሰላል መውጣት ከለከለኝ። መሰላል የማይወጣ መስታወት ገጣሚን ማንም አይጠራም። መብራት በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ይጠፋል። ዓሦቼ ሦስት ጊዜ ፈለፈሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጫጩቶቹ አምስተኛ ቀናቸው ሳይደርስ አለቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ያህል፣ የመጨረሻዎቹ መቶ ያህል ነበሩ። በወንፊት አጥልዬ አወጣኋቸው። አንድ ላይ ተሰብስበው ማንኪያ አይሞሉም።

ዓሣ ነጋዴው ክላውንፊሽ ይላቸዋል። የባሕር ዓሦች ናቸው፤ ከጣት የማይበልጡ፣ ብርቱካናማ፣ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቁ። እኛ ቤት ባለመቀነቶቹ ነው የሚባሉት። ጥንዶቹን ያገኘሁት ለነጋዴው የሱቁን መስታወት ገጥሜ በድካሜ ፈንታ ነው። ገንዳቸውን ራሴ ሠራሁት። እኔ የሠራሁት ገንዳ አያፈስም።

«ሰውዬ፣ ይብቃህ» አለችኝ ሚስቴ፣ ሦስተኛዎቹ ያለቁ ዕለት። «ጥንድ ዓሣ ከሆነ ለልብስ ሰፊዋ ሄደህ ግዛላት። ሱቁ ሞልቷል።»

«በእጄ የጠፋ በእጄ ነው የሚተካ።»

«እጅህ ይህን ሲል ካፖርትህ አረጀ» አለችና በአገጯ ወደ ቁም ሣጥኑ አመለከተች።

ካፖርቱን የሰፋችው ያቺው ከእኛ በታች ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመለስ ጥንድ ባለመቀነት ይዞላት መጣ። እሱ ሲሞት ዓሦቹ ቀሩ። በኋላ ገንዳው በጥጉ በኩል ማፍሰስ ጀመረና ጠራችኝ።

የመስታወት ማጣበቂያው ሲሊኮን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለዓሣ ገንዳ ይሆናል። ሌላው የመታጠቢያ ቤት ነው፤ ሻጋታ እንዳይዘው መርዝ አለበት። ሁለቱም ነጭ ናቸው። በዚያ ቀን ከሌላ ሥራ የተረፈ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ግማሽ ቱቦ ይዤ ነበር። አየሁት። ለአንዲት ጥግ ብዬ ሱቅ መሄድ ሰነፍኩ። ጥጓን ደፈንኩ፤ ሲደርቅ ዓሦቹን መለስናቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም በጎናቸው ተንሳፈፉ።

«ዕድሜያቸው ደርሶ ይሆናል፣ አይደል ጋሼ?» አለችኝ።

«ይሆናል» አልኳት።

ለጥገናው ካፖርት ሰፋችልኝ። ጥሩ ጨርቅ፣ ጥቁር ገበር። እምቢ ብል ለምን ልትለኝ ነው፤ ተቀበልኩ። አንድ ቀንም ለብሼው አላውቅም። በዚያ ክረምት ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። እሷም ባዶ ገንዳው ውስጥ የክር ጥቅልሎቿን ደርድራ ኖረች። ደረጃ ስወጣ በሩ ክፍት ከሆነ ይታየኛል፤ ቀይ ክር፣ ሰማያዊ ክር፣ ዓሣ በነበረበት።

የእኔዋ ሴት ዓሣ ደግሞ አርጅታለች። እንቁላሏ በየዙሩ እያነሰ ነው። አንድ ዙር ቢቀራት ነው ብዬ ገመትኩ።

ስለዚህ አራተኛውን ከመጀመሬ በፊት ተቀምጬ አሰብኩ። ጫጩቶቹ ሲሞቱ ምን ሲያደርጉ ነበር? አይቻለሁ፤ ልብ አላልኩም እንጂ። ሁሉም ወደ መስኮቱ በኩል ተሰብስበው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ይደበድቡ ነበር። ምግቡ በስተኋላቸው ይንሳፈፋል፤ ዞሮ የሚያይ የለም። የጫጩቶቹ ገንዳ በአራቱም በኩል ጥርት ያለ ነው። በየማለዳው በጋዜጣ እወለውለዋለሁ። ሞያዬ ነው፤ መስታወት ካልጠራ እንቅልፍ አይወስደኝም። በገዛ ውልወላዬ ነው የፈጀኋቸው። ብርሃን በየጎኑ ሲገባ ውሃው የት እንደሚያልቅ አያውቁም።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረድኩ።

«ጥቁር ጨርቅ አለሽ? ወፈር ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ።»

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ውይ! ማን ሞተ?»

«ማንም እንዳይሞት ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከመደርደሪያው ስር የገበር ጨርቅ ጎትታ ሁለት ክንድ ቀደደችልኝ። «ያንተው ካፖርት ገበር ነው። አንተ እንደሆን አትለብሰው፣ ጨርቁን እንኳ ተጠቀምበት» አለች። ሁሉንም ታያለች።

ገንዳውን አራቱንም ጎን አለበስኩት። ከላይ ብቻ ክፍት፣ ከላይ አንዲት አምፖል። ከሥራዬ ሁሉ የሚያስጠላው እሱ ነበር። ልክ እንደሆነ ግን አውቄያለሁ።

የመጀመሪያ ምግባቸው በዓይን የማይታይ የውሃ ነፍሳት ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ በጠርሙስ አረባዋለሁ፤ ውሃው አረንጓዴ ነው። የሚስቴ ወንድም አንድ ቀን ጭማቂ መስሎት ሊጎነጭ ሲል ደርሼ ነጠቅሁት። በዚህኛው ዙር ጠርሙሱን ከአራት ወደ አሥር አደረስኩ። ጫጩት ምግቡን ፈልጎ አይሄድም፤ ምግቡ አፉ ድረስ መምጣት አለበት።

ሴቷ በሸክላ ገል ላይ ሰባ የማይሞላ እንቁላል ጣለች። ወንዱ ቀን ከሌት በክንፉ ያራግበው ጀመር።

«አባትየው ነው የሚጠብቅ» አለች ሚስቴ። «ተማር።»

በስምንተኛው ቀን ዓይኖቻቸው በእንቁላሉ ውስጥ እንደ መርፌ ጫፍ ብልጭ አሉ። የሚፈለፈሉት በጨለማ ነውና ከመምሸቱ በፊት ገሉን ወደ ጥቁሩ ገንዳ አዛወርኩ። የአየር ቱቦዋን ከሥሩ አስገባሁ። አምፖሉን አጠፋሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ሳይ ውሃው በጭረት ተሞልቷል። ጭረቶቹ ይዋኛሉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ መብራት ሄደ። የአየር ሞተሩ ዝም አለ። ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የልጃችንን አሮጌ የብስክሌት መንፊያ ከቱቦው ጋር አጋጥሜዋለሁ። እኔ መቶ ጊዜ፣ ሚስቴ መቶ ጊዜ። አራት ሰዓት ነፋን።

«ሲድሩኝ» አለች እያለከለከች፣ «ብስክሌት ለሌለው ሰው ጎማ ትነፊያለሽ ብሎ የነገረኝ የለም።»

«ቀስ በይ። አረፋው በዝቷል።»

«እሱን ንገረው ለክንዴ!»

አምስተኛው ቀን አለፈ። በወንፊት ያወጣሁት አሥራ ሁለት ብቻ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ሚስቴ ጠራችኝ። አጎንብሳ ከላይ ታያለች። ከአንዱ ጭንቅላት ጀርባ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወጥቷል። መቀነቱ ነው። በሳምንቱ ኀምሳ ሦስት ባለመቀነት ቆጠርን። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞተብኝም።

አሮጊቷ ዓሣ ዳግመኛ እንቁላል አልጣለችም። ግምቴ ልክ ነበር።

ቀሪው ጊዜ ብቻ ነው። እነዚህ ዓሦች ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታኖራቸው የበላይ የሆነው ሴት ይሆናል። ይህን ነጋዴው ነግሮኝ ለሚስቴ ነገርኳት።

«የቤት አለቃ ማን እንደሆነ ዓሣም ያውቃል ማለት ነው» አለች።

አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መርጬ ለየሁ። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅሁ። ትልቁ ትልቋ ሆነች። ታናሹ ፊቷ ሲቆም መንቀጥቀጥና ጎንበስ ማለት ጀመረ። ጥንድ ሆነዋል።

ያን ጊዜ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወርጄ፣ «ገንዳሽን ስጪኝ» አልኳት።

«ክሬንስ የት ላድርገው?»

«ካርቶን አምጥቻለሁ።»

የገንዳውን መስታወቶች በምላጭ አንድ በአንድ ፈታሁ። የድሮውን ሲሊኮን ቅንጣት ሳላስቀር ፋቅሁ፤ ጥጓን ሁለት ቀን ፋቅኋት። በትክክለኛው ሲሊኮን ገጠምኩት። ሲደርቅ ውሃ ሞልቼ መጀመሪያ ከራሴ ባለመቀነቶች ሦስቱን ከተትኩበት። ወር ሙሉ አየኋቸው። ይበላሉ፣ ይጣላሉ። ደህና ነው።

እሑድ ጠዋት ካፖርቱን ለበስኩ። ሚስቴ ኮሌታውን አስተካከለችልኝ። ገንዳውን ከወንድሟ ጋር አወረድንና ቦታው ላይ አኖርነው። ጥንዶቹን ውሃውን ካለማመድኳቸው በኋላ ለቀቅኋቸው። ሚስቴ ወንድሟን ይዛ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መቀነታቸው ልክ እንደነዚያ ነው» አለች።

«እነዚያን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት። የሲሊኮኑን ነገርኳት። የቱቦውን፣ የስንፍናዬን፣ «ይሆናል» ያልኩትን።

ዓይኗን ከገንዳው አላነሳችም። «ገንዳው ተጠገነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ያን ቀን ምግብ አብዝቼባቸው ነበር» አለች። «እኔ የገደልኳቸው መስሎኝ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ከሱ የቀረኝን በገዛ እጄ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ዕዳዬን ጥንድ ዓሣ ብዬ ነው የያዝኩት። ልኩን ያን ጊዜ አየሁ።

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለች ድንገት ዞራ። «አሥራ ስድስት ደረጃ ነው እኮ ጋሼ! አሥራ ስድስት ደረጃ መውረድ አቅቶህ?»

«አቅቶኝ» አልኳት።

እንደገና ወደ ዓሦቹ ዞረች። ትልቋ የገንዳውን ጥጎች አንድ በአንድ ትመረምራለች። የደፈንኳት ጥግ ጋ ደርሳ ቆመች፤ ከዚያ አለፈች።

«አውልቅ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ካፖርቱን።»

ይገባታል ብዬ አወለቅሁ። ተቀብላ ገለበጠችው፤ ገበሩን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ትከሻው ላይ ሁለት መርፌ ሰካች።

«ከስተህ ሰፍቶሃል። በሰው ላይ እንዲህ ሆኖ ቢታይ ስሜ ነው የሚጠፋው» አለች። የስፌት መኪናውን ክዳን አነሳች። «አሁን የድካምህ ዋጋ ነው። አጥብቤ እሰጥሃለሁ፤ ነገ ወርደህ ውሰድ።»

«እዚሁ እጠብቃለሁ» አልኳትና ከገንዳው ፊት የተወችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።