የፌንጣ ጉልበት

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ፌንጣ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የመጀመሪያ ተማሪዎቿ ናቸው። የስፖርት መምህርት ናት፤ ያኔ ርዝመት ዝላይ ስታስተምር ፊሽካዋን ለአንድ ልጅ አስይዛ ራሷ ትንደረደርና ከጣውላው ተነሥታ አሸዋው መሃል ዱብ ትል ነበር፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። እነዚያ ልጆች ዛሬ የልጆች ወላጆች ሆነዋል፤ ስሙ ግን ከክፍል ወደ ክፍል እየተወራረሰ ቀጠለ። እሷም እንዳልሰማች ትሆናለች እንጂ በልቧ ትኮራበታለች።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የግራ ጉልበቷ ከዳት። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ አብጦ ይውላል። ደረጃ የምትወርደው ማንም እንደማያያት አረጋግጣ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የስፖርት መምህር ጉልበቱን አጣ ከተባለ ምን ቀረው? የሰው አፍ ደግሞ አያርፍም፤ «ጉልበቷ አለቀ» ሲሉ የትኛውን ጉልበት ማለታቸው እንደሆነ ማን ይለይላታል? ልጆቹ «ያሳዩን!» ሲሏት ሰበብ አታጣም። አንድ ቀን ጫማዋ ነው፤ አንድ ቀን አሸዋው ረጥቧል፤ ሌላ ቀን ደግሞ «እኔ ከዘለልኩማ እናንተ ተስፋ ትቆርጣላችሁ» ብላ ታስቃቸዋለች።

እንዲህ እየተደበቀች ሳለ የስልጠና ጥሪ መጣ። በእረፍቱ ሳምንት የአካባቢው የስፖርት መምህራን ጎረቤት ትምህርት ቤት ተሰብስበው ስለ ተማሪ ምዘና ይሠለጥናሉ ተባለ። ከእሷ ትምህርት ቤት ሌላው የተጠራ፣ ድሮ ግብ ጠባቂ ስለነበር ሁሉም «በረኛው» የሚለው የሥራ ባልደረባዋ ነው። አሁን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ክፍል ይገባል፤ እጁ ግን ዛሬም ኳስ አያመልጠውም፣ አፉም ወሬ አያመልጠውም።

ስልጠናው የተሰጠው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። ወንበሮቹ የትንንሽ ልጆች ስለሆኑ ሁሉም ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ለሌላው ሳቅ ነበር፤ ለእሷ ግን ስቃይ። ግራ እግሯን በጠረጴዛው ሥር ዘርግታ የፊተኛውን ሰው ወንበር ስትነካ «ይቅርታ» እያለች ዋለች።

አሠልጣኙ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ስለሚል ሰው ለመስማት ወደ ፊት ይሰግጋል።

«ዝላይ ስታስተምሩ ማርክ የምትሰጡት በምንድን ነው?» ብለው ጀመሩ።

«በሜትር ነዋ!» አለ በረኛው። «ሩቅ የዘለለ ብዙ ያገኛል።»

«ሩቅ የሚዘልልስ የትኛው ልጅ ነው?»

«ረጅሙ ነው እንጂ፤ ቅልጥሙ ሲያዩት የሚያልቅ አይደለም።»

«ታዲያ ማርኩን የሰጠኸው ለልጁ ነው ወይስ ለአባቱ ቁመት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በረኛውም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ልጅ ሲመጣ የት እንደነበርና ተምሮ የት እንደደረሰ፣ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ የጓደኛውን ስህተት አይቶ መናገር እንደሚችል፣ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚመዝኑ ቀስ ብለው ያስረዱ ጀመር። ፌንጣ ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ። ለአፍታ ጉልበቷንም ረሳችው።

ያስታወሷት ራሳቸው አሠልጣኙ ናቸው። «በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችሁ ለዚህ ትምህርት ቤት ልጆች አንድ አንድ ትምህርት ትሰጣላችሁ። እኛ እናያለን። እናንተም ትመዘናላችሁ ማለት ነው።»

በሻይ ሰዓት በረኛው ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰዳት። «ሰማሽ? ያላለፈ ሰው ሜዳ አይረግጥም አሉ። ወይ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ወይ ላይብረሪ ነው የሚወረውሩት።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም እያለ ነው።»

ሻይዋን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። ከሻይ በኋላ ማን ምን እንደሚያስተምር ዕጣ ወጣ። በረኛው ወደ ፊት መንከባለል ደረሰውና ሆዱን ዳብሶ ዝም አለ፤ በዕድሜው ዝም ሲል ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የተጠቀለለችውን ወረቀት ፈታች፤ «ርዝመት ዝላይ» ይላል። ወይ ዕጣ! ሰው ሲፈራ የፈራው ነገር ሽታውን ተከትሎ ይመጣል መሰለኝ አለች በልቧ።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ፣ ተደብቃ ወደ ሜዳው ጫፍ ወረደች። አንዴ ብቻ፣ ነገ ለልጆቹ የምታሳየው አንዲት ዝላይ ብቻ ብትወጣላት ይበቃታል። ተንደረደረች። ጣውላው ላይ ስትደርስ ጉልበቷ እንደ እርጥብ ካርቶን ታጠፈ፤ ሳትዘልል አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። እንባዋ ግን መጣ።

«ምን አጋጠመሽ?» የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። አሠልጣኙ ናቸው።

«አይ፣ ምንም... አሸዋውን እያየሁ ነው። ጠጥሯል።»

ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነኩት። «እውነትሽን ነው፤ ሲሚንቶ ሆኗል። ነገ ልጅ ይሰበርበታል።» ሄዱና ሁለት አካፋ ይዘው ተመለሱ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለእሷ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ውሸት ግን ያን ቀን አካፋ ሆኖ ከበዳት። ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከሚቆፍሩት ሽማግሌ ጎን ሆና፣ በአንድ እግሯ ቆማ ምሳዋን ሳትበላ አሸዋ ስትገለብጥ ዋለች።

ቤቷ ስትገባ ባሏ ስፌት ላይ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ሱቁ፣ የኋለኛው ቤታቸው ነው። እያነከሰች ስትገባ አይቶ መኪናውን አቆመ።

«ጉልበትሽ ባሰበት?» አላት።

«የምን ጉልበት?»

«የግራው ነዋ።»

በሩን ይዛ ቆመች። «ማን ነገረህ?»

«ቱታሽ። ባለፈው አዲሱን ስሰፋልሽ ለክቼሽ የለም? ግራው ከቀኙ ወፍሯል። እኔም እንዳያጣብቅሽ ብዬ ዝም ብዬ ሁለት ጣት አሰፋሁልሽ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«አንቺስ ዝም ብለሽ የለም? ልትነግረኝ ስትፈልግ ትነግረኛለች አልኩ። ያልታዘዝኩትን ልብስ አልተረትርም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና የዓመቱን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ ደረጃውን፣ ሰበቡን፣ ዕጣውን፣ አካፋውን። አካፋው ላይ ስትደርስ ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ እሷ እያለቀሰች ነው የምትስቀው። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ «እሺ ነገ ምን ልሁን? ዘልላ ማሳየት የማትችል ምን አስተማሪ ናት ቢሉኝስ?» አለችው።

ባሏ መርፌውን ከአፉ አወጣ። «እኔ በዚች መኪና ስንት የሙሽራ ቀሚስ ሰፋሁ? አንዱንም ለብሼ አላውቅም።»

በማግስቱ የልጆቹ ክፍል ሜዳው ላይ ተሰለፈ። በእረፍት ማጠናከሪያ ትምህርት የሚማሩ ናቸው፤ አንዳቸውንም አታውቅም። ከዛፉ ሥር አሠልጣኙና ሠልጣኞቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያሰበችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ፊሽካዋን ነፋችና እውነቱን ተናገረች።

«ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው ርዝመት ዝላይ ነው። እኔ ግን ዘልዬ አላሳያችሁም። ድሮ እዘልል ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ታሟል።»

ከፊት ያለች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ታዲያ ቲቸር፣ ካልዘለሉ ምን ሊያስተምሩን መጡ?»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ፌንጣም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቷ የተከፈተ መሰላት። «ማየት ላስተምራችሁ ነው» አለች። «የዘለለ ሰው ራሱን አያይም። ስለዚህ እናንተ አንዳችሁ የአንዳችሁ ዓይን ትሆናላችሁ።»

ሁለት ሁለት አድርጋ አቆመቻቸው። መጀመሪያ ሁሉም እንደ ፍጥርጥሩ ዘለለ፤ እያንዳንዱም ያረፈበት ቦታ ትይዩ የራሱን ጠጠር ዳር ላይ አኖረ። «የምትበልጡት ጓደኛችሁን አይደለም፤ ጠጠራችሁን ነው» አለቻቸው። ከዚያ ተመልካቹ አንድ ነገር ብቻ እንዲያይ ነገረችው፤ ሲነሣ የትኛው እግሩ ጣውላውን እንደመታ። ቀጥሎ ዓይኑ የት እንደነበር። ቀጥሎ ሲያርፍ ጉልበቱ መታጠፉን። ጥሩ አድርጎ የሠራ ልጅ ስታይ ሁሉንም ታቆምና «ይችን እዩ፤ ምን አደረገች?» ትላለች፤ መልሱን የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው።

ያቺ ጠያቂዋ ልጅ በየጊዜው በመቀመጫዋ ነበር የምታርፈው። ጓደኛዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ገሠጸቻት። «አየር ላይ ሆነሽ መሬት መሬቱን ታያለሽ! የጣልሽው ሳንቲም አለ?»

«ታዲያ ምን ልይ?»

ጓደኛዋ ወደ ፌንጣ ዞረች። ፌንጣ ግን «አንቺ ነሽ ያየሻት፤ አንቺ ንገሪያት» አለቻት።

«አጥሩን እይ። የአጥሩን ጫፍ።»

ልጅቱ ተንደረደረች፣ አጥሩን አየች፣ በእግሯ አረፈች፤ ጠጠሯንም አለፈችው። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ከዛፉ ሥር በረኛው ሠልጣኝ መሆኑን ረስቶ ተነሥቶ ያጨበጭብ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ውጤቷን ልትሰማ ወደ ዛፉ ሥር ሄደች። አሠልጣኙ መነጽራቸውን አደረጉ።

«መጀመሪያ ሰውነታቸውን ለማሟሟቅ የሰጠሻቸው ጊዜ አነሰ። በመጨረሻም ሰውነታቸውን ሳያቀዘቅዙ ነው የለቀቅሻቸው። እነዚህን አስተካክዪ» አሉ። ቀጥለውም «ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው። ልጆቹ የሚመዝኑትን ያውቃሉ። አልፈሻል» አሏት።

«ዘልዬ አለማሳየቴስ?» አለች።

«ተማሪው ትክክለኛውን አሠራር አይቷል ወይ ነው ጥያቄው። አይቷል። ማን ዘለለው የሚል ጥያቄ የለንም።» ከዚያ የገባቸው መሰሉና «ትናንት አሸዋው ላይ...» ብለው ጀመሩ።

«ወድቄ ነው» አለች።

«እና እኔ አካፋ አስያዝኩሽ!» አሉና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። በሳምንቱ ውስጥ ጮክ ብለው ሲናገሩ የተሰሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በረኛው አላስችል አለው። «ጋሼ፣ ያላለፈ ሰው ግምጃ ቤት ይገባል የሚባለውስ?»

«የምን ግምጃ ቤት? ውጤቱ የሚጠቅመን በሚቀጥለው ስልጠና ማንን በምን እንደምናግዝ ለማወቅ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም ነው ያለው» አለ በረኛው፤ ሁሉም ደግሞ ወደ እሱ ዞሮ አየው።

የእሱ ተራ ሲደርስ ፍራሹ አጠገብ ቆመና «ልጆች፣ እኔ ከተንከባለልኩ የሚያቆመኝ የለም፤ ስለዚህ እናንተ ናችሁ የምታሳዩኝ» ብሎ ጀመረ። እሱም አለፈ።

አውቶቡስ ሲጠብቁ ከጎኗ ተቀመጠ። «ጉልበትሽን ዛሬ መናገርሽ ደስ አለኝ። እኔ መሸከም ሰልችቶኛል።»

«ምን መሸከም?»

«ፍራሽ ነዋ! ለአንቺ ክፍለ ጊዜ ማለዳ ማለዳ ፍራሹን ሜዳ የሚያወጣው ማን ይመስልሻል?»

«ዘበኛው አይደለም?»

«ዘበኛውማ ተኝቷል! ደረጃ ላይ እንደ ሸርጣን ስትወርጂ ካየሁሽ ዓመት ሆነኝ።»

ወሬ አያመልጠውም የምትለው ሰው ይህን አንድ ወሬ ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ይዞ ኖሯል። «አመሰግናለሁ» አለችው። እሱም «በይ አሁን ሐኪም ጋ ሂጂና አሳርፊኝ» አላት። ሰኞ ልትሄድ ቃል ገባች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ባሏ የደንበኛ ሱሪ እየተኮሰ ነበር፤ ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳይጠይቃት ገባው። ጫማዋን አወለቀች፣ ረጅሙ ወንበር ላይ ጋደም አለችና ያበጠውን እግሯን የጨርቅ ክምር ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ከነገሩ ግማሹን ነግራው፣ ልጅቱ አጥሩን አይታ የዘለለችበት ጋ ስትደርስ ቃሏ ተንጠባጠበ፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

ባለ ሱሪው ሊወስድ ሲመጣ ባሏ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ገባ፣ ሱሪውን ተቀበለ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ።