ጀርባውን የሰጠን የናሎማ ስም

ኡናይሲ በደሴቶቹ አገራችን ዋና ከተማ በሱቫ ማስታወቂያ በመንደፍ የምትተዳደር የመንደራችን የናሎማ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ሁላችንም የምንለብሰውን ጨርቅ እንድትነድፍ የጠየቋት አክስቷ አሉሚታ ናቸው፤ የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ። የዝናቡን ወራት በሙሉ ስትሠራው ቆየች። የባሕር ወሽመጣችንን ከነተራራው፣ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቅጠል፣ ከታች ደግሞ የመንደሩን ስም። አያቶቻችን ዓሣ ያግዱበት የነበረውን የድንጋይ አጥር ለመሳል ብቻ ከሱቫ ድረስ መጥታ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ዙሪያውን እየረገጠች አይታዋለች።

ጨርቁ ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ መርከብ ላይ ተጫነ። እሷ ከሥራ ፈቃድ ያገኘችው ለበዓሉ ዋዜማ ስለነበር፣ ስትደርስ ሴቶቹ ቀሚሱንም፣ ወንዶቹ የሚያሸርጡትን ሱሉም ሰፍተውና ተኩሰው ጨርሰዋል። አሉሚታ አንዱን ቀሚስ አንስተው ዘረጉላት።

ስሙ ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ፊደል ፊቱን አዙሯል። በስተግራ መሆን የነበረበት ተራራ በስተቀኝ ቆሟል።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ተገልብጦ ነው የታተመው!»

«አይተነዋል።»

«እያያችሁ ነው የሰፋችሁት?»

«የከተማ ፋሽን መስሎን ነዋ! የተማርሽው አንቺ፣ እኛ ምን ብለን እንጠይቅሽ? ደግሞ መስታወት ፊት ሲቆሙ ልክ ይነበባል። ኬሌራ ናት የደረሰችበት» አሉ አሉሚታ። ኬሌራ የልብስ ሰፊዎቹ አለቃ ናት።

ኡናይሲ ማተሚያ ቤቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ሥዕሉን ገልብጠው ማሽኑ ላይ እንደጫኑት አመነ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደገና አትሞ እንደሚልክም ቃል ገባ። በዓሉ ግን ነገ ነው። በውስጥ በኩል ቢለበስስ ብላ አስሞከረቻቸው። ስሙ ተስተካከለ፤ ቀለሙ ግን ደበዘዘ፣ ስፌቱም አፈጠጠ።

«መግነዝ የለበስን መስለናል» አሉ አሉሚታ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ማታ ኡናይሲ የቀረበላትን ጎደሬና ዓሣ አልነካችም። ጠዋት ሰው ሁሉ ለብሶ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጣ፣ እሷ ነጭ ሸሚዟን አድርጋ ባሕሩን በሚያየው የአክስቷ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ አለች።

ለበዓሉ የተጠሩት እንግዶች ከጎረቤት ደሴት በጀልባ መጡ። ከእነሱ ጋር ከጥንት የወረስነው ዝምድና አለን፤ እንሰዳደባለን፣ የሚቀየም የለም። ሽማግሌያቸው ዋይሳኬ ገና ከጀልባው ሳይወርዱ ጮኹ።

«እናንተ ናሎማዎች! መቶ ዓመት ተምራችሁ ስማችሁን መጻፍ አቃታችሁ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱ ከየአቅጣጫው ይዘንብ ነበር። ያን ቀን ግን ሁላችንም ወደ በረንዳው ዞር አልን። ዋይሳኬም ወደዚያው ዞሩ።

«አሃ፣ ሠዓሊዋ ይቺ ናት! ልጄ፣ ስትስዪ በአናትሽ ቆመሽ ነበር እንዴ?»

ኡናይሲ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ለእናንተ ብዬ ነው። ከጭራው ካልጀመሩ ማንበብ አይሆንላቸውም ሲባል ሰምቼ።»

ዋይሳኬ ሲስቁ ጀልባዋ ተናወጠችና እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። ባሕሩ ዳር በጩኸትና በጭብጨባ ተሞላ። ኬሌራ ጊዜ አላጠፋችም፤ የኡናይሲን ቀሚስ ይዛ ወደ በረንዳው ሮጠች።

ኡናይሲ ለበሰችው። ከእኛ ጋር ስትዘምር ግን ደስ ብሏት ነበር ማለት አይቻልም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ቀሚሷ ላይ ያለውን ተራራ በእጇ ሸፍና ቆመች።

ትክክለኛው ጨርቅ በሚቀጥለው ወር ደረሰ። ልብስ ስለነበረን የአዳራሹ መጋረጃ አደረግነው። እሷም ከዚያ ወዲህ ናሙናውን በእጇ ይዛ ሳታይ ምንም ነገር አታሳትምም። አክስቷን ደግሞ «ነገር ሲያጠራጥራችሁ ደውሉልኝ» አለቻቸው። አሉሚታ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠራጥር ነገር የለም።